ያልተነፋው ሰማያዊ ፊኛ

አሰልጣኙ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ያገኘው ዘበኛው ነው። መርማሪዋ የጨበጠውን እጁን ፈልቅቃ ስታይ ያልተነፋ ሰማያዊ ፊኛ አገኘች፤ ከኪሱ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት። አንብባው ምንም ሳትተነፍስ ወደ ላይ ወጣች።

የልምምድ ክፍሉ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር ከሚዘጋጀው ቡድን ሁለቱ አሉ፤ ሦስተኛው ታሞ ቀርቷል። አንዱ አለቃቸው ነው። ሌላው ከጣቱ ፍጥነት የተነሳ «መብረቅ» ይሉታል። የቡድኑ ተጠባባቂ የሆነችው ልጅ በአለቃው ጥቆማ ከቤቷ ተይዛ መጥታ፣ እጇ በካቴና ታስሮ በሩ ጋ ቆማለች።

«እሷ ናት» አለ አለቃው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ሲጨቃጨቁ ነበር። ዘጠኝ ከአምስት ላይ ሰው ሲወድቅ ሰማሁ።»

«ወጥተህ አላየህም?»

«ልምምድ ላይ ነን እኮ! ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።»

«አንተስ?»

«እኔ ስጽፍ ጣራው ቢደረመስም አልሰማ» አለ መብረቅ።

«መጨቃጨቁን ተጨቃጭቀናል፤ አልዋሽም» አለች ልጅቷ። «ለምን አታሰልፈኝም ስለው ‹አስብበታለሁ› አለኝ። ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ። ይመኑኝ፣ አልነካሁትም።»

ዘበኛው መውጫዋን ዘጠኝ ከአስር ብሎ መዝግቧል።

«ገድላው ወጥታ ነዋ!» አለ አለቃው።

መርማሪዋ ወንበሩ ላይ የታሰሩትን ሦስት ፊኛዎች አየች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። «እነዚህስ?»

«ለተፈታ ጥያቄ ሁሉ አንድ ፊኛ፤ ቀለሙም ለየጥያቄው የተለየ ነው» አለ መብረቅ። «አሰልጣኙ ታች ቢሮው ሆኖ ውጤቱን ያያል። ከዚያ ፊኛውን ይዞ መጥቶ እዚሁ ነፍቶ ያስረዋል።»

«ቀደም ብሎ አያዘጋጅም?»

«እሱ? ‹ሳይወለድ ስም አይወጣም› ባይ ነው! መልሱ ትክክል ሳይባል ሳጥኑን አይከፍትም።»

«ሰማያዊውስ?»

«የአራተኛው ጥያቄ ነው። የፈታነው...» ስክሪኑን አየ፤ ድምፁ ወረደ። «ዘጠኝ ከሃያ አምስት ላይ።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች መርማሪዋ። «ሰማያዊ ፊኛ ጨብጦ የሞተ ሰው ዘጠኝ ከሃያ አምስት ላይ በሕይወት ነበር። እሷ ያኔ ከግቢ ወጥታለች። አንተ ታዲያ ዘጠኝ ከአምስት ላይ ሲወድቅ የሰማኸው ማንን ነው?»

መርማሪዋ ከአለቃው ፊት አንድ ወረቀት አነሳች።

«ኮምፒውተራችሁ አንድ ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ኮዱን በወረቀት አትሞ ስህተቱን ይፈልጋል። ፕሪንተሩ የት ነው?»

«ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው ራስ ጋ» አለ መብረቅ።

«ጥጉ ላይ ባለው ሰዓት መሠረት ይሄ የታተመው ዘጠኝ ከሃያ ሰባት ላይ ነው። ማን አመጣው?»

«እኔማ ከኪቦርዱ አልተነሳሁም...» መብረቅ ቀስ ብሎ ወደ አለቃው ዞረ።

«ዳር ዳሩ ላይ የተጫረውም የአለቃችሁ እጅ ጽሑፍ ነው። ንቅንቅ አላልኩም ያለው ሰው!» ከኪሷ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። የፍጻሜው ተሰላፊዎች ዝርዝር ነው። የአለቃው ስም ተሰርዞ የልጅቷ ተጽፎበታል።

«በአንድ እጁ ፊኛ፣ በአንድ እጁ ይሄን ወረቀት!» አለ አለቃው። «አሳይቶኝ ወደ ኪሱ ሲመልሰው ገፋሁት። አራት ዓመት ለፍቼ! ልገድለው አላሰብኩም።»

«እሷ ላይ ለማላከክ ግን በደንብ አስበሃል።»

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። ልጅቷ አንጓዋን እያሻሸች ወረቀቱን አየችው።

«አስብበታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች።

«አስቦበታል» አለች መርማሪዋ፤ ወረቀቱንም መልሳ አጠፈችው።