ክር አይጣልም

ስመ ጥሯ ልብስ ሰፊ ከሱቋ ደረጃ ሥር ተደፍታ ሞታ ስትገኝ ሁሉም «ተሰናክላ ነው» አለ። መርማሪዋ ግን ደረጃው አናት ላይ ተንበርክካ መደገፊያው ብረት ላይ የቀረ ቋጠሮ አገኘች። ተደርቦ የታሰረ ወፍራም ጥቁር የኮት ክር ነው፤ ጫፉ በጥርስ ተበጥሷል። አንድ ሰው ክሩን በደረጃው ላይ ወጥሮ፣ ሴትዮዋ ከወደቀች በኋላ ቋጠሮውን ትቶ የቀረውን ይዞ ሄዷል።

አለቃዋ ጊዜ አላባከኑም፤ የሱቁን ሽማግሌ ጨርቅ ቆራጭ በካቴና አሰሩ።

«በሟች እንደሚቀና የማያውቅ የለም» አሉ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ላነጋግራቸው።»

«ያንን የማታ ትምህርትሽን ልታመጪ ነው? ሥነ ጽሑፍና ሥነ ልቦና ነፍሰ ገዳይ ይዞ አያውቅም።»

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ልቦለድ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ሰምታ እንዳልሰማ ማለፍ ለምዳለች።

ቆራጩ የፊት ጥርሶቻቸው ረግፈዋል፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ይሾልካል። «እቀናባታለሁ፣ ምን እደብቃለሁ የኔ ልጅ? የምቆርጠው እኔ፣ የምትመሰገነው እሷ። ግን እንጀራዬ እሷ ናት፤ ብትሞት ምን እጠቀማለሁ?»

በዚያ ቀን ጋራዡ ውስጥ ደንበኞች ፊት ሲሠራ የዋለው የሟች ባል ደግሞ፣ «ግትር ነበረች፤ ካኮረፈች ሳምንት ነው» ብሎ ጀመረና፣ «አሁን ማን ያኩርፈኝ?» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

አብራት የምትሰፋው ታናሽ እህቷ የስስ ለቅሶ ቀሚሷን ጠርዝ እየሰፋች ነበር። መቀስ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እህቴ እንከን አልነበራትም። እናትም አባትም ሆና አሳደገችኝ። መልአክ ነበረች» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«መቀስ እያለ?» አለቻት መርማሪዋ።

«እሷም በዚህ ትቆጣኝ ነበር» አለች ፈገግ ብላ፤ «ክር በጥርስ አይበጠስም፣ ክር አይጣልም…»

መርማሪዋ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሰው የሚወደውን ሲያነሳ ጉድለቱንም ያነሳል» አለች። «ባልየው ኩርፊያዋን ነገረኝ። ጋሼ ቅናታቸውን አልደበቁም፤ ደግሞ ክር የሚበጥሱበት ጥርስ የላቸውም። እንከን የለሽ ሰው የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ያነበብኳቸው ታሪኮች ያስተማሩኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲተረክልኝ ተራኪውን እንድመለከት ነው። ሥነ ልቦናው ደግሞ፣ አምቀው የያዙት ንዴት ውዳሴ ለብሶ እንደሚወጣ ነገረኝ።»

«ማመስገን ወንጀል ሆነ እንዴ?» አሉ አለቃዋ።

«አይደለም፤ ወዴት ማየት እንዳለብኝ ብቻ ነው የጠቆመኝ። እስቲ እትዬ የያዙትን የለቅሶ ቀሚስ ጠርዝ ይዩት። ስስ ጨርቅ በኮት ክር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ? ከደረጃው የተነሳው ክር እዚያ ላይ ነው። እትዬ፣ ክር አይጣልም ተብለው ስላደጉ ገድለውም መጣል አልቻሉም።»

ታናሽ እህት ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«የራሴን ሱቅ ልክፈት ባልኩ ቁጥር 'ገና ነሽ' ትለኛለች» አለች። «ፀጉሬ ሸበተ እኮ። የሰፋሁትን ለብሰው እሷን ይመርቃሉ፣ እኔ ገና ነኝ። ቀናሁ፤ እስክታመም ቀናሁ።»

አለቃዋ የቆራጩን ካቴና እየፈቱ ዓይናቸውን ከመርማሪዋ ላይ አሸሹ።

«ክሩ ለማስረጃ ያስፈልገናል» አለች መርማሪዋ።

ታናሽ እህት ከጠርዙ የወጣውን ክር ወደ ጥርሷ አስጠጋችው። ከዚያ ተወችውና አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መቀስ አንስታ፣ እህቷ እንዳስተማረቻት፣ አስተካክላ ቆረጠችው።