አለኸኝ የሚባለው ወንድም

ሰዓቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነበር። መንገዱ ደግሞ ኮሪደር ነው። አትሳቁ። እግሩ ውስጥ ብረት ለገባበት ሰው ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ያለው ኮሪደር ከበረሃ መንገድ ይረዝማል። መብራቱ እንደ ዛሬው ጠፍቷል። እናንተ ሁላችሁም እግራችሁ በጀሶ ታስሮ ተኝታችኋል፤ ፈርቶ የሚሮጥ የለም። ለእንዲህ ያለ ወሬ ከእናንተ የተሻለ ሰሚ አይገኝም።

ድሮ ነው። ሰውየው ወጣት ነበር፤ ጆንያ ተሸካሚ። ከጭነት መኪና ላይ ወደቀ፣ ጭኑ ተሰበረ፣ ቀደው ብረት አስገቡለት። መሰበሩስ ይሁን። ሆስፒታል ስትተኙ መጀመሪያ የምትጠየቁት ምንድን ነው? የቱ ጋ ነው የሚያምህ? አይደለም። አስታማሚህ ማነው ነው።

ሰውየው ሰው አልነበረውም። እናቱ ቀድማ ሞታለች፤ ሌላውን አልናገርም። ሰው የለኝም ማለት ግን አፈረ። ወንድም አለኝ፣ ነገ ይመጣል አለ። ስሙስ ማነው አለችው ሲስተሯ። አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

"አለኸኝ።"

በማግስቱ ወንድሙ አልመጣም። ከየት ይምጣ? ሰውየው ግን ወንድሙን ማሳደግ ጀመረ። ሰኞ ሹፌር ነበር። ረቡዕ የራሱን መኪና ገዛ። ቅዳሜ መኪናው ሁለት ሆነ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት አለበሰው። ቁመትም ጨመረለት።

ጎኑ የተኙት ጋሽ ዘርጋው ዳሌያቸው እንጂ ምላሳቸው አልተሰበረም። "ልጄ፣ መኪናው ሁለት ከሆነ በአንዱ እንኳ ቢመጣ ምናለ?" ይሉታል። ክፍሉ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሲመሽ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ይስባል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ መጣ። ሰው ደግፎህ መራመድ አለብህ፣ አለዚያ ጉልበትህ ይደርቃል፣ ዕድሜህን ሙሉ ታነክሳለህ አለው። ብቻህን ግን እንዳትነሣ፤ ከወደቅህ ብረቱ ይነቀላል፣ ያን ጊዜ እግሩን እንቆርጠዋለን። የሚያነክስ ጆንያ ተሸካሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ግን አይቻለሁ።

የጋሽ ዘርጋው ሚስት እትዬ አስካለ እኔ ልደግፍህ አሉት። እምቢ አለ። ወንድሜ ነገ ይመጣል። ለአጥንት ብረት አለው፤ ለኩራት ምን ይገባለታል?

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ሲነቃ የራስጌው ጆግ ውሃ ተሞልቶ አገኘው። ማን ሞላው? ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ። በማግስቱ ፖፖው ተደፍቶ፣ ታጥቦ ተቀመጠ። ይኼ ባሰ። ውሃ የሚሞላ ደግ ሰው ይኖራል። የሰው ፖፖ ተደብቆ የሚያጥብ ማነው? በሦስተኛው ቀን ሲስተሯ እየሳቀች መጣች። ወንድምህ ሌሊት መጥቶ ነበር፣ ይተኛ፣ አልቀስቅሰውም ብሎ ሄደ አለችው። ረጅም ነው፣ ጥቁር ጃኬት ለብሷል አለች።

ጋሽ ዘርጋው ይቅርታ ጠየቁት። አስቡት እንግዲህ። ያ ሁሉ በሽተኛ በወንድሙ አመነ። የማያምን አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ለማን ይንገር? ወንድም የለኝም ካለ ውሸታም ነው። ዝም ካለ ደግሞ ይመሻል።

መሸ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመሪያ የጫማ ኮቴ ሰማ። ቀስ፣ ቀስ። ቀጥሎ የቆዳ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ራስጌው ያለው ጨለማ ወፈረ። ትከሻ ሆነ።

"ተነሣ፣ ላራምድህ" አለው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትጮሁ ነበር? ውሸታችሁን ነው። እሱም አልጮኸም። ጋኔን አጠገቡ ቆሞ፣ ሰው ምን ይላል ብሎ አፈረ። ተነሣ፤ ትከሻውን ያዘ። እንደ ብረት በር ይቀዘቅዛል።

ተራመዱ። ሽንት ቤቱን አለፉ። የመድኃኒቱን ክፍል አለፉ። ከዚያ ወዲያ ያለው በር ወደ ሬሳ ቤት የሚያወርደው ደረጃ ላይ የሚከፈት ነው።

"ወዴት ነው?" አለ ሰውየው።

"ወደ መኪናው።"

"የትኛው መኪና?"

"ሁለት ነው ያልከው አንተ ነህ። በአንዱ ተቀምጠው ይሄዳሉ። በአንዱ ተኝተው።" የበሩን እጀታ ያዘ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠራኝ ከረምክ። አሁን ስሜን አንዴ ጥራና እንውረድ።"

በሩ ተከፈተ። እግሩ የደረጃው ጫፍ ላይ ነው። ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ስሙ ምን እንደሚል ያን ጊዜ ገባው።

"የለኸኝም" አለ በሹክሹክታ። የያዘው ክንድ ጠበቀበት። ለሁለተኛ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ እስኪነቃ ጮኸ። "የለኸኝም። ወንድም የለኝም። ማንም ሰው የለኝም" አለ። አልኩ። ይኸው፣ አፌን አዳለጠኝ።

ክንዱ ጠፋ። በሩን ይዤ በአንድ እግሬ ቀረሁ። መጀመሪያ የደረሱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ባዶ እግራቸውን፣ ሻማ ይዘው። ክንዴን አንገታቸው ላይ ጣሉና "ቀስ በል፣ ከባድ ነህ" አሉኝ። ጋሽ ዘርጋው ከአልጋቸው ሆነው፣ እነዚያን ሁለት መኪኖች እኔን አውርሰኝ አሉ። እስኪነጋ ተሳቀብኝ። በየቀኑ እትዬ አስካለን ተደግፌ ተራመድኩ። እግሬም ዳነ።

እንግዲህ ብቻችሁን አትራመዱ። ትከሻ ስትይዙም መጀመሪያ ዳብሱት፤ ይሞቃል ወይ በሉ።

አንተ በሩ አጠገብ የተኛኸው ጎበዝ። ዛሬ ለሲስተሯ፣ አጎቴ ነገ ይመጣል ስትል ሰምቼሃለሁ። አልፈርድብህም።

አጎትህ ግን እስከ ነገ አልጠበቀም። ግርጌህ ቆሟል።