የሌለው ዋርካ ጥላ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ደክሞህ ይሆናል፣ ሄደህ ተኛ» ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የምነግርህን ሰምተህ ብትስቅብኝ አልቀየምህም።

ቡራዩ ያለው ሰፈራችን «ዋርካው» ይባላል፣ ዋርካ ግን የለውም። የታክሲው ረዳት «ዋርካው ጋ የሚወርድ!» ብሎ ይጮሃል፣ የሚወርደው ሰው የሚያገኘው ኮብልስቶን፣ ብሎኬት መሸጫና የባጃጅ ሰልፍ ነው። መንገዱ ሲሠራ ዛፉ ይቆረጥ ብለን ከፈረምነው የሰፈር ኮሚቴዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሰፈሩ የእርሻ መሬት ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩት ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ያኔ አልተጣሉንም፣ «ቁረጡት፣ እኛ የተጣላ የምናስታርቀው ግን እዚያው ነው» አሉ እንጂ። እንዳሉትም ዛሬ ድረስ የተጣላ ሲመጣ ዛፉ በነበረበት ባዶ ቦታ ወንበር አውጥተው ያስቀምጡታል።

አምና ተራው የእኔና የእህቴ የአስቴር ሆነ። አባታችን ሊሞት ሲል «የጓሮው ክፍል ለአስቱ ነው» ብሎኛል፣ ለእሷም ቀደም ብሎ ነግሯታል፣ ምስክሯ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ክፍሉን ላከራየው ፈልጌ «አልሰማሁም» አልኩ። ስዋሽ እያወቅኩ ነው፣ አሁን ምን እደብቅሃለሁ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። መጀመሪያ ከላያችን ቅጠል ሲንሿሿ ሰማሁ፣ ቀና ብል ባዶ ሰማይ ነው። ከዚያ፣ እመነኝ፣ መሬቱ ጠቆረ። ጥላው ቀስ እያለ መጥቶ የኦቦ ገመቹን እግር ሸፈነ፣ የአስቴርን ቀሚስ ሸፈነ፣ ጫማዬ ጫፍ ሲደርስ ቆመ። ወንበሬን ወደፊት ሳብ ሳደርግ ያንኑ ያህል ሸሸኝ። አስቴር ነጠላዋን ተከናነበች፣ ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ልጄ፣ ዱጋ ተናገር፣ እውነቱን» አሉኝ። «አባትህ ምን አለ?»

«ኦቦ፣ ይሄ ጥላ አይታይዎትም?»

«እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ።

አስቴር አየችኝ። አንዲት ቃል ብትወጣኝ ሁሉም ያልቅ ነበር፣ ግን ሰው ፊት ውሸታም መባል አሳፈረኝና «አልሰማሁም» አልኩ።

ቅጠሉ ጸጥ አለ። ጥላው የት እንደገባ አላየሁም፣ ብቻ ሦስታችንም ፀሐይ ላይ ነበርን።

«ይሁን ወንድምዬ» አለች አስቴር፤ በሳምንቱ ሱሉልታ ቤት ተከራይታ ወጣች። ወንበሮቹን ላግዛቸው ብዬ ሳነሳ የእኔ ወንበር ብረት እጄን አቃጠለኝ፣ የእሷ ግን ውርጭ እንዳደረበት ይቀዘቅዝ ነበር። ኦቦ ገመቹ ተቀብለውኝ ገቡ።

ክፍሉን እስካሁን አላከራየሁትም። ተከራይ መጥቶ ሲጠይቀኝ «ተይዟል» እላለሁ፤ «በማን?» ሲለኝ ግን ስሟን ለመጥራት አፌ እንቢ ይለኛል።