ሁለቱም እጆቼ

የማተሚያ ቤቱ አለቃ በወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ በወረቀት መጫኛ ብረት ተፈርክሷል። ገዳዩ ይህ አልበቃው ብሎ የሟቹን ቀኝ እጅ ከምላጩ ሥር አስገብቶ ቆርጦታል። አራቱ ጣቶች ከተማሪ ደብተሮች ቁራጭ ጋር ተቀላቅለው ወድቀዋል።

ኢንስፔክተሯ ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለች። ጣቶቹን ስታይ ግን ፊቷን አዞረች።

«ወይ ጉድ! መግደሉስ ገደለው። ጣቱ ምን አደረገው?»

መልስ ሰጪ ሞልቷል። ከዘበኛው እስከ ጠራዦቹ ሁሉም በአንድ አፍ ተናገረ። አለቃው በዚያ እጁ አንዲት ሴት ነካ ተብሎ ተከሷል። ከሳሿ በዚሁ ማሽን ላይ የምትሠራ ቆራጭ ናት። የጾታዊ ትንኮሳ አቤቱታዋን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊያይ የተቀጠረው ለዛሬ አሥር ሰዓት ነው። ሰውዬው የተገደለው በምሳ ሰዓት፣ ከስድስት እስከ ሰባት ባለው ጊዜ ነው። ታዲያ ምን ይጠየቃል?

ኢንስፔክተሯ ግን ጎንበስ ብላ ማሽኑን ማየት ጀመረች። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ጫፍ ምላጩን የሚያወርዱ ሁለት አረንጓዴ የእጅ መጫኛዎች አሉ። የቀኙ ዙሪያውን ደም ተረጭቶበታል። በመጫኛውና በጠረጴዛው የብረት ጠርዝ መካከል ግን አውራ ጣት የምታህል ንጹሕ ቦታ አለች። ደም አልነካትም። ኢንስፔክተሯ አየቻት፤ ምን እንደሆነች ግን አልገባትም።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው የሠራተኛ አስተዳዳሪው ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። ሸሚዙ በደም ርሷል፤ ኮቱን ደርቦበታል።

«ስለ አሥር ሰዓቱ ስብሰባ ላነጋግረው መጣሁ፤ ተደፍቶ አየሁት። ነፍሱ ያለች መስሎኝ አቅፌ አነሣሁት» አለ።

«ማሽኑን ነክተዋል?»

«ከእሱ በቀር አንዳች ነገር አልነካሁም።»

«ጩኸት የሰማ የለም?»

«የሕትመት ማሽኖቹ ምሳ ሰዓትም አይቆሙም። እዚህ ቤት ሰው ቢታረድ ማን ይሰማል?»

ቆራጯ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣለች።

«በምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«ከማን ጋር?»

«አቤት ካልኩ ወዲህ ከእኔ ጋር ምሳ የሚበላ የለም።»

«ባለፈው ሳምንት ‹እጅህን እቆርጠዋለሁ› ብለሽዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ። ምን ልበለው ታዲያ፣ እጅህ ይባረክ?»

በሩ በርግዶ ተከፈተ። የአለቃው ሚስት ናት። ፖሊሶቹ ሳይደርሱባት ቆራጯን ፀጉሯን ጨምድዳ ከወንበሩ ጎትታ ጣለቻት። «ባሌን! ጨዋውን ባሌን!» እያለች በጫማዋ ፊቷን ረገጠቻት። ሁለት ጎረምሳ ፖሊሶች በስንት መከራ አላቀቋት። የቆራጯ ከንፈር ተተርትሮ ደሙ በአገጯ ወረደ። እጇን ግን አላነሣችም።

ኢንስፔክተሯ የአቤቱታውን ማኅደር ይዛ ለብቻዋ ተቀመጠች። ሁለቱንም ወገን አነበበች። ቆራጯ እንዲህ ብላለች፦ «ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ። ከኋላዬ መጥቶ ደረቴን ያዘኝ። አፉን አንገቴ ሥር አደረገ።» አለቃው ደግሞ እንዲህ መልሷል፦ «ውሸት ነው። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲያልፍ ይነካካል። ሥራ ስለምታዘገይ የጻፍኩባት ማስጠንቀቂያ አናዷት ነው።»

ተነሥታ መተላለፊያውን በእርምጃዋ ለካችው። ወረቀት የጫነ ጋሪ እንደ ልቡ ያልፍበታል። እዚህ ላይ ሰውዬው ዋሽቷል። ማስጠንቀቂያው ግን እውነት ነው፤ ቀኑም ከአቤቱታው በሁለት ቀን ይቀድማል።

«ለምን ከማስጠንቀቂያው በኋላ ከሰስሽው?» አለቻት ተመልሳ።

«እምቢ ስለው ነዋ ማስጠንቀቂያው የመጣው።»

ይህም ያስኬዳል። ግን ማስረጃ የለውም፤ የአንድ ሰው ቃል በአንድ ሰው ቃል ላይ ነው።

አስተዳዳሪው በዚህ መሐል አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። በኮምፒውተር ተጽፎ አልቋል።

«እኔስ ልጅቷ አሳዝናኝ ነው። አቤቱታዬ ሐሰት ነበር ብላ ትፈርም። ካልነካት ቂም የላትም፤ ቂም ከሌላት ደግሞ ለምን ትገድለዋለች? እርስዎም ይገላገላሉ» አለ።

ኢንስፔክተሯ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የነፍስ ግድያ ጉዳይ ሳይሆን የዓመት ፈቃድ ቅጽ የሚያስሞላ ይመስላል። ቢሆንም ወረቀቱን ለቆራጯ ሰጠቻት።

ቆራጯ ደሟን በክንዷ እየጠረገች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት። መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው አስቢበት፣ ልጄ። አቤቱታሽ እውነት ከሆነ ለመግደል ምክንያት ነበረሽ ይባላል። ዕድሜ ልክ ነው።»

ቆራጯ እስክሪብቶውን አነሣች። ወዲያው መልሳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ነክቶኛል። አልገደልኩትም። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ውሸት ነው ብዬ ከፈረምኩ ሌላውን ማን ያምነኛል? ከፈለጋችሁ እሰሩኝ!»

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለ ድርቅና ገዳይ ላይ አይታ አታውቅም። ግን ግምት ፍርድ ቤት አይቀርብም።

አስተዳዳሪው እምቢ ማለቷን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

«ይቺ ዓይን አውጣ! ‹ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ› ትላለች ደግሞ! በዚያ ማሽን ላይ በሁለት እጁ የሚጫን ማን አለ? አንዱ በሽብልቅ ይያዛል። አንድ እጇ ነፃ ነው። ለምን በጥፊ አላጮለችውም?»

«በምን ይያዛል?»

«በ… ሠራተኞቹ ያውቁታል» አለና ስልክ ሊያነሣ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ አንጋፋውን ቆራጭ አስጠራችው። አንድ ጣቱን ማሽን ስለበላው ሁሉም ዘጠኜ ይለዋል።

«ሽብልቅ ምንድን ነው?»

ዘጠኜ ዙሪያውን ቃኘ። «የሚያስጠይቀኝ ከሆነ አልናገርም።»

«ሰው ሞቷል እኮ፣ ወንድሜ!»

«ሁለቱ መጫኛዎች እኩል ካልተጫኑ ምላጩ አይወርድም። ለእጃችን ጥበቃ ነው። እኛ ግን ሥራ እንዲፈጥን አንዱን በቁራጭ እንጨት ወጥረን በአንድ እጅ እንሠራለን። ይኸው ጣቴ የሄደው በዚሁ ጣጣ ነው።»

«እሷስ?»

«እሷማ በሁለት እጇ ነው የምትጫነው። ‹ጣቶቼን እወዳቸዋለሁ› ትላለች። ዘገየች የተባለችውም ለዚሁ ነው።»

«አለቃውስ?»

«ያለ ሽብልቅ ሠርቶ አያውቅም። በምሳ ሰዓትም ለብቻው ሲቆርጥ ትቼው ነው የወጣሁት።»

ያቺ ንጹሕ ቦታ አሁን ገባቻት። ደሙ ሲረጭ ሽብልቁ እዚያ ተወትፎ ነበር። ገዳዩ በአንድ እጁ የሟቹን እጅ ይዞ በሌላው ግራውን ተጫነ። ከዚያ ሽብልቁን የነቀለው ሰው አለ። ለምን ይነቅለዋል? የማያውቅ ሰውማ እዚያው ይተወዋል።

«ሥራ ስትጨርስ ሽብልቁን የት ታደርገዋለህ?»

የዘጠኜ እጅ ከአፉ ቀድሞ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። እሱም ሳቅ አለ።

«ተቆጣጣሪ እንዳያይብን እኮ ነው። እጄ ራሱ ያውቀዋል። እኔ አላዘውም።»

«አስተዳዳሪያችሁ ድሮ ምን ይሠራ ነበር?»

«ቆራጭ ነዋ! ቢሮ ሳይገባ በፊት እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«አንድ ልጨምር። አለቃው ልጅቷን ሲነካት አይተሃል?»

ዘጠኜ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ምንም አላየሁም። የልጆች አባት ነኝ።»

አስተዳዳሪው ማሽኑ ጋ እንዲመጣ ተደረገ።

«ኮትህን አውልቅ» አለችው። አንቱታው ቀረ።

አወለቀ።

«የሸሚዝህን ኪስ ፈትሽ።»

ፈገግ ብሎ እጁን ከተተ። ፈገግታው እዚያው ደረቀ። ያወጣው ጣት የምታህል እንጨት ነው፤ ግማሹ ደም፣ ግማሹ ንጹሕ። ክው ብሎ ቀረ። መቼ እንደ ከተተው እሱም አያውቅም።

«ከሰውዬው በቀር አንዳች አልነካሁም ብለሃል» አለች።

አስተዳዳሪው ሌላውን የወረቀት መጫኛ ብረት ከመደርደሪያው መንጭቆ ሰነዘረ። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ስትል ብረቱ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ቀጭ ሲል ተሰማት። ሊደግማት ሲል ዘጠኜ ከኋላ ወገቡን አቅፎ ከማሽኑ ጋር አጋጨው። ግንባሩ ተሰንጥቆ ዓይኑ በደም ተሸፈነ። ኢንስፔክተሯ በደህናው እጇ ካቴናውን አወጣች።

የቀረውን የተናገረችው የአለቃው ሚስት ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፦

«ትናንት አልቅሶ ነገረኝ። ‹ነክቻታለሁ። ከእሷ በፊት ሦስት ሴቶች ከሰውኝ አስተዳዳሪው አቤቱታቸውን ቀዶልኛል። ሴቶቹን ደግሞ ቢሮው እየጠራ ከሥራ አስወጣችኋለሁ እያለ በተራው ተጫወተባቸው። ነገ ሁሉንም እናገራለሁ› አለኝ። እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ስማችን ይጠፋል ብዬ ነው።»

«ለአስተዳዳሪውስ ነግሮት ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ደውሎ ‹ራስህን አዘጋጅ› ብሎታል።»

ኢንስፔክተሯ ወደታሰረው ዞረች። «ጣቱን ለምን ቆረጥክ?»

«በእሷ እንዲላከክ፤ ከፈረመችልኝ ደግሞ አቤቱታው ከነጓዙ ይቀበር ነበር» አለ፤ ደሙን እየተፋ።

አሥር ሰዓት ሆነ። የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ ላቡን እየጠረገ ማኅደሩን ሊዘጋ ነበር። «ተከሳሹ ሞቷል፣ ሰብሳቢያችን ታስሯል። እንግዲህ ማን ላይ ልንፈርድ?»

«ይነበብ» አለች ቆራጯ ከበሩ ላይ። ከንፈሯ አብጧል። «ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ይነበብ።»

ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን በጨርቅ አንጠልጥላ ከኋላዋ ቆማለች። ምክትሉ ምርጫ አጣ፤ ሠራተኛው በተሰበሰበበት አነበበው። «ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከመሐል አንድ እጅ ተነሣ። አራት ጣት ያለው እጅ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ዘጠኜ። «እውነቷን ነው። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።»

ምክትሉ ቃሉን ሊጽፍ እስክሪብቶ ፈለገ። ቆራጯ ቀስ ብላ ወደ ዘጠኜ ዞረች። ዛሬ ዕድሜ ልክ ሲሏትም፣ በጫማ ሲረግጧትም አላለቀሰችም ነበር። አሁን እንባዋ ወረደ።

«በሩ ላይ ቆመህ» አለችው፣ «ያን ጊዜ አይተኸኛል፤ እኔም አይቼሃለሁ። በስሙ ጠርተህ እንድታስቆመው ነበር እኮ የጠበቅኩህ።»