ከአንገቱ ጀርባ

አውራ ጣቷ ከጊታሩ አንገት ጀርባ አንድ ጎድጓዳ ላይ ሲያርፍ ቶሚኮ ድንገት መጫወቷን አቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አለች ማሳኤ፣ የከበሮ ዱላዎቿን አየር ላይ እንደያዘች።

«ምንም። ጣቴ ሳተ።»

«ኦሪጅናል ይዛ ደንግጣ ነው» አለች የጊታሩ ባለቤት ሪትሱኮ። «ከአባቷ ፋብሪካ የሚወጡት የጦጣ ሥራዎች እንዲህ አይጮሁማ።»

ሁለቱም ሳቁ። ቶሚኮም አብራቸው ሳቀች። በጃፓኗ ማትሱሞቶ ከተማ የአሜሪካኖቹን ጊታር ቁርጥ አስመስሎ የሚሠራ አባት ወይም አጎት ያለው ልጅ ብዙ ነው። «የጦጣ ሥራ» የሚለውንም ስድብ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል፤ ሌላው የሚያደርገውን እያየ የሚደግም ማለት ነው። ቶሚኮ በሰማችው ቁጥር ትስቃለች። እራት ላይ ግን የአባቷን ጣቶች ላለማየት ሳህኗ ላይ ታቀረቅራለች።

ይህን ጊታር ለመያዝ ዓመት ሙሉ ስትመኝ ኖራለች። ሪትሱኮ ማንንም አታስነካም። ያመጣላት ቶኪዮ የሚሠራው ወንድሟ ሹሄይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ መጥቶ «የአሜሪካ ነው፣ ከአንድ ወታደር ነው የገዛሁት። እስክመለስ ጠብቂልኝ» ብሎ ትቶላት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ቤተሰብ ለሚሰባሰብበት የሙታን መታሰቢያ በዓል አልመጣም፣ ለአዲስ ዓመትም አልመጣም። ሪትሱኮ ግን በየሳምንቱ ክሮቹን ትወለውላለች። ለትምህርት ቤቱ በዓል ባዘጋጀችው ማስታወቂያ ላይ «ከአሜሪካ በመጣ ጊታር» ብላ በቀይ ቀለም ጽፋለች፤ ወንድሟ ሊሰማቸው እንደሚመጣም ለሁሉም አውርታለች። ዛሬ ጊታሩን ለቶሚኮ የሰጠቻት ሦስተኛው ክር እንደ ንብ ጥዝ እያለ ስላስቸገራት ነው።

ቶሚኮ አውራ ጣቷን ቀስ ብላ መለሰችው። አልተሳሳተችም። ከአንገቱ ጀርባ፣ አንገቱን ከሚከፋፍሉት ቀጫጭን ብረቶች በአምስተኛው ትይዩ፣ ሰው ሊጥ ላይ ጣቱን ተጭኖ ያነሣው የመሰለ ትንሽ ጎድጓዳ አለ።

አባቷ ስለዚህ ጎድጓዳ አጫውቷታል። ፋብሪካው ይህን ዓይነት ጊታር መሥራት ሲጀምር በእጁ የነበረው አንድ ያገለገለ የአሜሪካ ጊታር ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ያንን ፈታትተው፣ እያንዳንዱን ነገር ለክተው ወረቀት ላይ አሰፈሩት። ጎድጓዳውንም ለኩ። ለምን እንደተደረገ አልገባቸውም፤ ግን አሜሪካኖቹ ያለ ምክንያት አያደርጉትም ብለው በሁለት ሺህ አንገቶች ላይ በጥንቃቄ ቀረጹት። በኋላ ሌላ የአሜሪካ ጊታር ሲመጣ ጎድጓዳ የሚባል ነገር የለውም። ለካ የመጀመሪያውን ጊታር ባለቤቱ ጭረት ሊያጠፋ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆት ኖሯል። አባቷ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪወርድ ነበር የሳቀው።

«ለአባትሽ ውሰጂውና ክሩን ያስተካክልልኝ» አለች ሪትሱኮ ጊታሩን ወደ መያዣው እየመለሰች። «ግን ንገሪው፣ ኦሪጅናል ነው። ቀስ ብሎ ይያዘው።»

«እነግረዋለሁ።»

«ከጫረው የምገድለው አንቺን ነው።»

እሑድ ጠዋት አባቷ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አንዴ መታው። እጁ አንገቱን ይዞ ወደ ታች ሲወርድ እሱም እንደ እሷ ቀጥ አለ።

«የማን ነው?»

«የሪትሱኮ። ወንድሟ የአሜሪካ ነው ብሎ የሰጣት።»

አባቷ ክሮቹን አላልቶ አራቱን ብሎኖች ፈታና አንገቱን ከገላው ለየው። አንገቱ በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ቀኑ፣ ከቀኑም ሥር የአባቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል፣ መጋቢት 14።

«ያንተ ነው» አለች።

«የእኔ ነው። እዚህ የምንጽፈው ለኩራት እንዳይመስልሽ። ዕቃው ተበላሽቶ ከተመለሰ አለቃው ማንን እንደሚቆጣ እንዲያውቅ ነው።»

«ተመልሶብህ ያውቃል?»

«በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እንዴታ። ገላቸው የተጣበቀ ጣውላ ነበር፤ እንደ ሣጥን ነበር የሚጮኹት። ይኼ ግን…» በጥፍሩ ኳ አደረገው። «ይኼ ወጥ እንጨት ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካኖቹ ይጣደፉ ነበር። እኛ ገና ተማሪ ስለነበርን አልተጣደፍንም።»

«ስለዚህ ሹሄይ ዋሽቷታል።»

«ወይ እሱም ተሸውዷል። የእኛን ስም ፍቀው የአሜሪካውን የሚለጥፉ ቶኪዮ ሞልተዋል። የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም።»

ቶሚኮ ግን ሰኞን እያሰበች ነበር። በማሳኤ ፊት አራቱን ብሎኖች ፈትታ «የጦጣ ሥራው ይኸውልሽ» ስትል ታያት። ያለ ፍላጎቷ የሳቀችውን ሳቅ ሁሉ በአንድ ቀን ታስመልሳለች። ወዲያው ደግሞ ሪትሱኮ ክሮቹን በጨርቅ እየወለወለች ታየቻት፤ የወንድሟ እጅ የነካውን እየነካች።

አባቷ ክሩ ብረቱን እንዳይነካ አንገቱ ሥር ስስ ወረቀት አስገባ። ከዚያ ከመሳቢያው ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት አወጣ።

«ጽሑፉን ላጥፋው? ሁለት ጊዜ ፋቅ ባደርገው ይለቃል። ጓደኛሽ መቼም አታውቅም።»

ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ቶሚኮን ያሳመማት ይኸው ነው።

«ተወው፣ አባዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይጥፋ።»

ሲገጥመው ጠበቀችው። ከዚያ ተጫወተች። ክሩ ጥዝ አላለም። አባቷ ዓይኑን ከጊታሩ አልነቀለም፤ ሩቅ አገር ስላለ ልጁ የሚወራለት ሰው ይመስል ነበር።

«ሣጥን ውስጥ እናሽጋቸዋለን፣ መኪና ይጭናቸዋል፣ ይሄዳሉ» አለ። «ከወጡ በኋላ አንዱን እንኳ ሰው ሲጫወተው ሰምቼ አላውቅም። እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሪትሱኮ ጊታሩን ተቀብላ ሦስተኛውን ክር ብቻ ደጋግማ መታች። ፊቷ በራ።

«አባትሽ ምን አለ?»

«ፎርጅድ ነው አላለም?» አለች ማሳኤ እየሳቀች። «ይኼም የጦጣ ሥራ ነው አላለም?»

ቶሚኮ በዚህ አልሳቀችም። ሪትሱኮም እንዳልሳቀች ቶሚኮ ያየችው ያኔ ነው። እጇ ክሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ መልሱን የምትጠብቅም የምትፈራም ትመስላለች።

«ወደደው» አለች ቶሚኮ። «ሁለት ጊዜ አስጫወተኝ። ደግሞ ማሳኤ፣ ያንን ቃል እኔ ፊት ተይው።»

«ውይ፣ ቀልድ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ተይው።»

ማሳኤ ትከሻዋን ሰብቃ ውኃ ልትጠጣ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ።

«ሪትሱ» አለች ቶሚኮ፣ «አንገቱ በአራት ብሎን ነው የተያዘው። ውስጡን ማየት የፈለግሽ ቀን አብረን እንፈታዋለን። ሁለታችን ብቻ።»

የሪትሱኮ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ ወጣ ወረደ አለና ጎድጓዳው ላይ ቆመ።

«ከበዓሉ በኋላ» አለች በመጨረሻ። «ምናልባት ከመጣ… ከበዓሉ በኋላ ይሁን።»

«እሺ።»

ቶሚኮ ከአባቷ ሣጥን ያመጣችውን መፍቻ በእጇ ዳብሳ ወደ ቦርሳዋ ታች ገፋችውና የራሷን ጊታር አነሣች።