ቅናት ያፈነው ንዝረት

የአንድ ከተማ ውሃ ጣቢያ ዋና መካኒክ ታናሽ ወንድሙን ያሳደገው ራሱ ነበር። አባታቸው ታመው አልጋ ሲይዙ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ። ታናሽየው ተምሮ መሐንዲስ ሆነና እዚያው ጣቢያ ተመደበ። ነገር የተበላሸው ታናሽየው ጥፍር የምታክል ዕቃ ሠርቶ ትልቁ ፓምፕ ላይ የገጠመ ዕለት ነው።

«ባትሪም ሽቦም አትፈልግም ጋሼ» አለ ፊቱ በርቶ። «ውስጧ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፉ፣ ግን የማይነካኩ ብረቶች አሉ። ፓምፑ ሲንቀጠቀጥ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይወጣል። በዚያች ጉልበት የፓምፑን ሁኔታ ሁልጊዜ በሬዲዮ ትልክልናለች፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊሰበር ሲልም ቀድማ ታስጠነቅቀናለች።»

«እኔ ጆሮ የለኝም?»

«አለህ እንጂ! እሷ ግን እንቅልፍ የላትም።»

ሠራተኛው ሳቀ። መካኒኩም አብሮ ሳቀ፤ አንጀቱ ግን አረረ።

ቤት ሲገባ አባትየውም ወሬያቸው ያው ሆነ። «ከመንቀጥቀጥ ኤሌክትሪክ አወጣ አሉ! ይሄ ልጅ ስሜን አስጠራልኝ።» መካኒኩ ትራሳቸውን እያስተካከለ «እኔስ?» ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ዋጠው።

በማግስቱ ሰው ለምሳ ሲወጣ ዕቃዋን በካቻቢቴ ፈትቶ ከሥሯ ወፍራም ጎማ አነጠፈና መልሶ አሰራት። ጎማው ንዝረቱን ሲያፍነው ዕቃዋ ጸጥ አለች። «ወሬ ብቻ!» ብለው ሠራተኞቹ አሾፉ። የታናሽየው ፊት ሲጠቁር የመካኒኩ ልብ ቅቤ ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ የፓምፑ ድምፅ ሻከረ። መካኒኩ ሰምቶታል። ግን ፓምፑ ቆሞ ከተፈተሸ ጎማው ሊገኝ ነው። «ነገ አየዋለሁ» ብሎ አለፈው። ያን ዕለት ታናሽየው ዕቃዋ ለምን ዝም እንዳለች ሊያይ ጎንበስ እንዳለ ኩሽኔታው ተሰበረ፤ የዘንጉ መሸፈኛ ተፈናጥሮ ክንዱን ሰበረው። ከተማው ውሃ አጣ፤ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ።

ሆስፒታል ውስጥ መካኒኩ ከአልጋው አጠገብ ሊናገር ቆመ። ታናሽየው ቀደመው።

«ጎማውን አይቼዋለሁ ጋሼ። አስተሳሰሩ የአንተ ነው፤ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ደንግጬ ደርቄ ስቀር ነው የመታኝ። ብቻ ለአባባ እንዳትነግራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ መካኒኩ እንባው እየወረደ። «ለሠራተኛውም እነግራለሁ።»

ለሁለቱም ተናገረ። ከኃላፊነቱም ወረደ። አባትየው ሰምተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «አንተን አንድ ቀን እንኳ አመስግኜህ አላውቅም» አሉ።

ወገኖቼ፣ ቅናት በማንም ልብ ይገባል። ሲገባ «ተከፋሁ» ብሎ መናገር ያሳፍር ይሆናል፤ አፍኖ መያዝ ግን የሰው አካል ያጎድላል። ወላጆችም አለቆችም፣ አዲሱን ስታወድሱ ትራስ የሚያስተካክለውን አትርሱ። የታናሽየው ክንድ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም፤ ከባድ ዕቃ ሲኖር ታላቁ ነው የሚያነሳለት።