ቁልቁለቱ ላይ የሸተተው ቅቤ

«ያዘው! ያዘው እንጂ አድማሴ!» መምሬ ኢያቄም ከኋላ ጮኹ።

አድማሴ ይዞት ነበር። ችግሩም እሱ ነው፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ታዞራለች። መሪውን በሁለት እጁ ወደ ግራ እየጎተተ እንደ ምንም አቆማት። አጠገቡ በቀኝ በኩል የተቀመጠችው ልጁ ሰርካለም በመስኮቱ ስታይ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሩቅ ታች የደረቀ ወንዝ ብቻ ታያት።

ከላሊበላ ከወጡ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላቸውም። ጋሸና ለመድረስ ብዙ ቁልቁለትና ብዙ ዳገት ይቀራል።

«ጎማ ነው» አለ አድማሴ። ወርዶ አራቱንም ጎማዎች በእግሩ መታ መታ አደረገ። አራቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡት። «ነፋሱስ እኩል ነው» አለ ቅር እንዳለው።

«ጎማ አይደለም ልጄ፣ ጸሎት ሳናደርስ ተነሥተን ነው» አሉ መምሬ።

«አድርሰናል እኮ መምሬ። እርስዎ እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር» አሉ እትዬ አመተ ጊዮርጊስ። ጋሸና የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ አንድ ትልቅ ቅርጫት ታቅፈዋል።

አድማሴ ሌላ ሐሳብ መጣለት። «እትዬ፣ እስቲ ወደ ግራው ወንበር ይለፉልኝ። ክብደቱ ወደ ቀኝ በዝቶ ይሆናል።»

«ክብደቱ? እኔን ነው?»

«ቅርጫቱን ማለቴ ነው።»

እትዬ አመተ ጊዮርጊስ እያጉረመረሙ ከነቅርጫታቸው ተሻገሩ። ሰርካለም በረጅሙ ተነፈሰች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ይህን ግን ዝም ብላ ልታየው አልቻለችም።

«አባዬ፣ ፍሬን ስትይዝ ብቻ እኮ ነው የምታዞረው። ሳትይዝ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ጎማም ክብደትም ቢሆን ሁልጊዜ ትጎትት ነበር።»

«አንቺ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ?» አለና ሞተሩን አስነሣ።

በሚቀጥለው መታጠፊያ መኪናዋ እንደገና ወደ ቀኝ ዞረች። መምሬ ቅዱሳኑን በየስማቸው ጠሩ። በሦስተኛው መታጠፊያ ግን ጸሎታቸውን አቋርጠው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የምን ሽታ?»

«ቅቤ! የቀለጠ ቅቤ! በዐቢይ ጾም!» ዓይናቸው ቅርጫቱ ላይ አረፈ። «እትዬ፣ ለአራስ ይዞ መሄድ ነውር የለውም። ግን ለእኛ ለጿሚዎቹ ብለው ክዳኑን ጠበቅ ቢያደርጉት ምን ነበረ?»

«የምን ቅቤ? ዱቄትና ተልባ ነው የያዝኩት!»

«እንግዲህ አፍንጫዬ አልዋሸኝም።»

እትዬ አመተ ጊዮርጊስ በንዴት ቅርጫቱን ከፈቱት። ዱቄቱን በእጃቸው ዘግነው ወደ መምሬ አፍንጫ አስጠጉ። «ይኸው! ያሽትቱት! ስድሳ ዓመት የጾምኩትን ሴትዮ!» ነፋሱ ዱቄቱን የመምሬ ጥቁር ካባ ላይ በተነው። አድማሴ ከፊት ሆኖ «ኧረ በእመቤቴ! አንዴ ዝም በሉልኝ፣ መንገዱን ልየው!» ብሎ ጮኸ።

ሰርካለም ግን ሽታውን ከሁሉም ቀድማ ለይታዋለች፤ የራሳቸው ቤት ቅቤ ነው።

ሰኞ ዕለት መካኒኩ አረጋ የፊት ጎማዎቹን የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀይሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በቆመች ቁጥር የግራው ጎማ ሲጥ ይል ጀመር። ማክሰኞና ረቡዕ አባቷ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያወርዳት ልጆቹ ሙድ ያዙባት። «ሰርኬ፣ ፍየሏ መጣች! እሰሪያት እንጂ!» ረቡዕ ማታ ቤት ስትገባ ከቅበላ የተረፈው ቅቤ ጓዳ ውስጥ ተከድኖ አየችው። ጾሙ እስኪፈታ የሚነካው የለም። የሚጮህ የበር ማጠፊያ ዘይት ሲቀቡት ዝም ይላል። በቆርቆሮ ትንሽ አቀለጠች፤ መኪናዋ ሥር ገብታ ከግራው ጎማ ኋላ፣ ሸራው የሚነክሰው ብረት ላይ አፈሰሰችው። ሐሙስና አርብ አባቷ ለቅሶ ስለሄደ መኪናዋ አልተነሣችም። ዛሬ ጠዋት መጮኋን ስትተው፣ «ሸራው ለመደ! የአረጋ እጅ ይባረክ!» ብሎ ነበር።

«አባዬ፣ አቁም» አለች።

የውኃ ጀሪካን ይዛ ወረደች። በቀኙ ጎማ ብረት ላይ ውኃ አፈሰሰች፤ ጭስስ ብሎ ተነነ። በግራው ላይ አፈሰሰች፤ ውኃው ዝም ብሎ ወደ አቧራው ወረደ።

«የግራው አይዝም። ቀኙ ብቻውን ሲይዝ ነው ወደ እሱ የሚጎትተን።» የጀሪካኑን ክዳን ደጋግማ አጠበቀች።

አድማሴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ፤ አሙለጨለጨው። ፊቱ ጠቆረ። «አረጋ! በቅባት እጁ ነው የገጠመልኝ! ገደል ሊከተን ነበር እኮ!»

«እሱ እኮ...» አለች ሰርካለም።

«ዝም በይ! ዛሬ ያየኛል።»

ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ወደ ላሊበላ ተመለሱ። አድማሴ መንገዱን ሙሉ አረጋን ሲሰድብ፣ ሰርካለም አፏን ከፍታ ስትዘጋ ደረሱ።

የአረጋ ጋራዥ አንድ የቆርቆሮ ጥላና የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ሦስት ሾፌሮች ግንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። አድማሴ ገና ሳይወርድ ጩኸቱን ጀመረ። አረጋ ግን ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አነሣት፤ ጎማውን ፈታ፤ ብረቱን በጣቱ ጠረገና ወደ ብርሃኑ አቀረበው።

«ጋሽ አድማሴ፣ ይሄ ግራሶ አይደለም። ቅቤ ነው።»

«ቅቤ?» ምሥጋናው የሚባለው ሾፌር ከግንዱ ላይ ብድግ አለ። «ዲያቆን አረጋ! ቁርስህን በልተህ እጅህን ሳትታጠብ ነው እንዴ ሥራ የገባኸው?»

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። መምሬ ኢያቄም ግን አልሳቁም። ነገ እሑድ ነው፤ አረጋ አብሯቸው ቅዳሴ የሚገባ ዲያቆን ነው።

«አረጋ፣ ንገረኝ ልጄ። ጾሙን ገድፈሃል?»

«ኧረ መምሬ! እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ...»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው። እስክንነጋገር ድረስ ነገ አትግባ።»

አረጋ እጁን ወደ ታች ጣለ። ጣቱ ላይ ያለውን ቅቤ ሱሪው ላይ ሊጠርግ ፈለገና ተወው፤ የት እንደሚያደርገው ጨነቀው።

ሰርካለም የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ መኪናዋ ኋላ ሳበችው። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። እንዳይጮህ ብዬ ነው የቀባሁት። ረቡዕ ማታ።»

አድማሴ አያት። ወደ ሾፌሮቹ ዞሮ አየ፤ ተመልሶ አያት። «ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«በቃ። ይሄን ሁሉ ሰው ፊት ጮኼ ጮኼ አሁን የገዛ ልጄ ናት ልበል? ነገ ከነገ ወዲያ ለብቻው እነግረዋለሁ። ግቢ መኪና ውስጥ።»

«ነገ እኮ ቅዳሴ ነው።»

«ግቢ አልኩሽ!»

ሰርካለም የጋቢናውን በር ከፈተች። አባቷ ይህን አይቶ ወደ ሰዎቹ ተመለሰና ከቅድሙ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ሸራው ጥራት ማውራት ጀመረ። አንድ እግሯን አስገባች። ልጆች መኪናዋን ፍየል ስላሏት ብቻ ይህን ሁሉ ማድረጓ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ አረጋ ቀና እንኳ ማለት አቅቶት እያዩ መሳቃቸው፣ አባቷም... እግሯን አወጣች። በሩን ዘጋችው።

በሰዎቹ መካከል አልፋ አረጋ ፊት ቆመች። ጆሮዋ ተቃጠለ።

«ጋሽ አረጋ» አለች። ድምጿ አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። «ጋሽ አረጋ፣ ቅቤው የኛ ቤት ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ። መምሬ፣ እሱ ምንም አላደረገም። እትዬም ምንም አልያዙም።»

ሳቁ ተቋረጠ። የአባቷን ፊት ለማየት አልዞረችም።

«ፍሬን ላይ ቅቤ?» አለ አረጋ በመጨረሻ፣ ማመን እንዳቃተው።

«እንዳይጮህ ብዬ።»

አረጋ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ የቤንዚኑን ጣሳ በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ሸራው ጠጥቶታል፤ ይለወጣል። ብረቱ ግን ይታጠባል።»

ሰርካለም የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ጎማው አጠገብ ተንበረከከች።

«ከየት በኩል ልጀምር?»